የጋሽ ዝግታ ሁለት ክኒኖች

እዚያ ቤት ጠዋት የሚጀምረው በክኒን ነው፤ ክኒኑ ደግሞ የሚጀምረው በነገር ነው። ባልየው የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው። ተሳፋሪ ሲወጣም ሲወርድም «በዝግታ፣ በዝግታ» ስለሚል የገዛ ስሙን የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጋሽ ዝግታ ነው የሚሉት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሷን ደግሞ እትዬ መርፌ ይሏታል። በሙያዋ ነው የሚል አለ፣ በምላሷ ነው የሚልም አለ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ሁለቱም ደም ግፊት አለባቸው። እሷ ጠዋት ጠዋት አንዲት ክኒን ትውጣለች፣ እሱ ሁለት። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ልዩነት ነው።

«ይኸው፣ አንዷን ዋጥኩ፣ አለቀ» ትላለች እትዬ መርፌ፣ ውኃዋን ጨልጣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ኳ እያደረገች። «አንተ ቀጥል። ያንተ እንኳ ቁርስ ነው።»

«ሁለት ብቻ እኮ ነው።»

«ሁለት ብቻ! እኔ በአንድ ነው የምኖረው፤ ግማሽ በሽተኛ በለኝ። አንተ ግን ሙሉ ነህ፣ ምንም አልጎደለህም።»

ጋሽ ዝግታ መኪናውን የገጨበትን ሰው እንኳ ወርዶ «አንተን ምን ነካህ? ተጎዳህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህች ነገር ግን ከነከነችው። ሾርባ ላይ ጨው የምትጨምረው ማን ሆነችና! ደንበኛ እጅጌው ጠበበኝ ሲላት ጣሪያ እስኪነሳ የምትጮኸው ማን ሆነችና! ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰውዬ ሁለት፣ እሷ አንድ? ኧረ ፍርድ የት አለ!

ቢሆንም ቀልድ ነበር። አዲሱ አውቶብስ እስኪመጣ ድረስ ቀልድ ነበር።

አውቶብሱ አንድ ጠዋት ከነፕላስቲኩ ጋራዥ ገብቶ ቆመ። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት እንኳ ማንንም ሳትለምን የምትወጣበት። ወንበሩ አዲስ አዲስ ይሸታል፣ መስተዋቱ ሰፊ ነው፣ በሩ ሲከፈት እፎይ ያለ ሰው ይመስላል። የጋሽ ዝግታ አሮጌ አውቶብስ ማርሽ እጀታው ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፤ ዳገት ሲያይ ያስለዋል። ሾፌሮቹ ሁሉ አዲሱን ከበው ሲዳስሱት የስምሪት ኃላፊው መጣና የጋሽ ዝግታን ትከሻ መታ አደረገው።

«ይሄ ያንተ ነው። የዳገቱ መስመር ላይ ነው የሚሠራው። የጤና ምርመራውን ብቻ እለፍልኝ።»

የዳገቱ መስመር! ጋሽ ዝግታ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አቧራ ገባብኝ ብሎ አሸው። የሚስቱ ሱቅ ያለው እዚያ ዳገት አናት ላይ ነው። ይህን ያህል ዘመን ሾፌር ሆኖ እዚያ በር ላይ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አያውቅም፤ መስመሩ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነበር። እሷም ያንን ቁልቁለት በአውቶብስ ወርዳው አታውቅም። ትፈራለች። ማታ ሱቋን ዘግታ ጨርቋን ተሸክማ በእግሯ ነው የምትወርደው። «ያንን ቁልቁለት ከማላምነው ሰው ጋር አልወርድም» ነው የምትለው። እና ጋሽ ዝግታ ለማንም ያልተናገረው ምኞት ነበረው፤ አንድ ቀን አውቶብስ በሯ ላይ አቁሞ «ግቢ» ሊላት። እንግዲህ ምኞቱ ከነፕላስቲኩ ፊቱ ቆሞለታል፤ የቀረው ምርመራው ብቻ ነው።

ደስታውን ሳይጨርስ ጎሚስታው ዘንድ ሄደ። ጎሚስታውን ሬዲዮ ይሉታል፣ ጎማ እየነፋ ወሬ ስለሚያሰራጭ።

«ምርመራው ዘንድሮ ጠብቋል አሉ» አለ ሬዲዮ። «ከአንድ ክኒን በላይ የሚውጥ ሰው መሪ አይጨብጥም አሉ።»

«ማን አለ?»

«አሉ ነዋ!»

ይሄ «አሉ» የሚባል ሰውዬ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ስንቱን ግን ገደል ከቷል። ጋሽ ዝግታም ያን ቀን አሮጌውን አውቶብስ እየነዳ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። የድርጅቱ ክሊኒክ ዶክተር «ስንት ክኒን ነው የሚወስዱት?» ብላ ብትጠይቀው ሁለት ሊላት ነው። መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ታዲያ ምን ይሻላል? ሲጨንቀው ጊዜ ዘዴ መጣለት። ውሸቱን እውነት ማድረግ! አንዷን ትቶ አንዷን ብቻ ቢውጥ፣ «አንድ» ሲል ማን ውሸታም ይለዋል? ወይ የእውነተኛ ሰው ተንኮል! ከሌባ ተንኮል ይብሳል።

የትኛዋን እንደሚተው ለመምረጥ አልተቸገረም። ነጯ፣ ክቧ፣ ሽንት የምታስቸኩለው ናት። ተሳፋሪ ጭኖ መሀል መንገድ ላይ እግሩን አጣምሮ እንዲነዳ ያደረገችው እሷ ናት፤ ቂም ነበረው። «ሚስቴስ በአንድ ትኖር የለ?» አለና ልቡን ሞላ።

መጣሉ ግን አልሆነለትም። መድኃኒት ነው፣ እንዴት ይጣላል? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ፊቷን ስታዞር ነጯን ክኒን የቁልፍ ጣሳዋ ውስጥ ጠብ ያደርጋታል። እትዬ መርፌ ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ ይዛው የምትመላለሰው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሞላው ጣሳ አላት። ነጭ ክብ ነገር ከነጭ ክብ ነገር መሀል ማን ይለየዋል ብሎ ነው። አይ ጋሽ ዝግታ!

እንዲህ እያለ ሰነበተ። ከሰዓት በኋላ ማጅራቱን ከበድ ይለው ጀመር፤ የወንበሩ መደገፊያ ነው ብሎ አለፈው። የምርመራው ቀን ሲደርስ ፂሙን ተላጨ፣ ጫማውን ወለወለ፣ ሚስቱ ከጨረሰችው ክኒን የቀረውን ባዶ ካርቶን ኪሱ ከተተ። ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ልጁ ብትሆን የማይደንቅ። የድርጅቱ ክሊኒክ ውስጥ ሾፌሮቹን ሁሉ የምትከታተለው እሷ ናት። ክንዱ ላይ መለኪያውን ጠቀለለችና ነፋችው። አየችው፤ ግንባሯን ቋጠረች። «ትንሽ ይረፉ» ብላ በሌላው ክንዱ ለካች። ቁጥሩን ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ጋሽ ዝግታ አሰማመሯን አልወደደውም።

«ጋሼ፣ ስንት ክኒን ነው የሚወስዱት?»

መጣች ጥያቄዋ! ደረቱን ነፋ። «አንድ!»

«እኔ ያዘዝኩልዎት ሁለት ነበር።»

«ልክ ነሽ። አንዷን ተውኳት።»

«ለምን?»

«አንድ ለማለት።»

ዶክተሯ መጀመሪያ አልገባትም። ከሬዲዮ ጀምሮ እስከ ቁልፍ ጣሳው ሁሉንም ዘክዝኮ ነገራት፤ ያን ጊዜ ሳቋን ለመያዝ አፏን በእጇ ብትሸፍንም ትከሻዋ አጋለጣት። «ይቅርታ ጋሼ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ግን ክኒን ተቆጥሮ መሪ ይሰጣል ያለዎት ማን ነው? እኔ የማየው ይሄን ነው» አለችና መለኪያውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ሁለት ቢውጡ፣ ሦስት ቢውጡ፣ ግፊትዎ ወርዶ ደህና ከሆኑ ያልፋሉ። ዛሬ ግን በጣም ከፍ ብሏል። እንዲህ ሆነው ሰው ጭነው እንዲነዱ አልፈቅድም።»

 ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ ሁሉ መስተዋት፣ የሚስቱ በር፣ ሁሉም በአንዲት ነጭ ክኒን ሊቀር ነው። ከካርቶኑ ሌላ መከራከሪያ አልነበረውም፤ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ታዲያ ባለቤቴ በአንድ እንዴት ቻለችው? ለኔም ኃይለኛ አንድ ስጪኛ! ከፈለግሽ እጥፍ አድርጊው፣ ብቻ አንድ ይሁን።»

ዶክተሯ ካርቶኑን አንስታ አየችው፤ ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ እንዴት ነው የሚወርዱት?» አለችው።

ሾፌር እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ዝም ይላል? አዳዲሶቹን ሾፌሮች የሚያሠለጥነው እሱ አይደለም እንዴ! ሐዘኑን ረስቶ ተነሳ፤ እግሩ ወለሉ ላይ ፔዳል ይፈልግ ጀመር። «በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ሾፌር አይደለም፣ ነፍሰ ገዳይ ነው! ፍሬኑን ሙጭጭ አድርገህ ከረገጥከው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ እምቢ ይልሃል። አብዝቼ ልርገጠው ብትል ባሰ! ማርሽ ትቀንሳለህ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፣ ፍሬኑን ቀለል አድርገህ ነካ ነካ ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ ነው! አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ...»

«አንዱ በዚያ» ላይ ሲደርስ ቆመ። እጁ አየር ላይ ማርሽ እንደያዘ ቀረ።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች ዶክተሯ። «እርስዎ ነዎት የተናገሩት።»

ከዚያ አስቀምጣ በሰው ቋንቋ አስረዳችው። ግፊቱ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለበት ሰው አንድ መድኃኒት ሊበቃው ይችላል። ለብዙ ሰው ግን አይበቃም፤ ያንኑ አንዱን እጥፍ ቢያደርጉት የሚጨምረው ጥቅም ትንሽ ነው፣ ጣጣው ግን ይበዛል፣ አንዳንዱማ እግር ያሳብጣል። በተለያየ መንገድ የሚሠሩ ሁለት መድኃኒቶች በትንሽ በትንሽ መጠን ሲሰጡ ግን ግፊቱን የበለጠ ያወርዱታል፣ ጣጣቸውም ይቀንሳል።

«አሁን ይሄን ያንብቡልኝ» አለችና ካርቶኑን አዞረችለት። «ስንት የመድኃኒት ስም ተጽፏል?»

ጋሽ ዝግታ መነጽሩን አደረገ። አንድ ረጅም ስም አነበበ። ከጎኑ የመደመር ምልክት አለ። ከምልክቱ ማዶ ሌላ ረጅም ስም አለ።

«ሁለት?»

«ሁለት። ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተጠቅልሎ ነው። መዋጡን ላለመርሳት ይመቻል።»

«ቆይ ቆይ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት የምትውጠው...»

«ሁለት መድኃኒት ነው።»

«እንደኔ?»

«እንደ እርስዎ።»

«ዶክተር ሙቺ፣ እስቲ በዝግታ ድገሚልኝ» አለ ጋሽ ዝግታ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ምርመራ ወድቆ እንዲህ የተደሰተ ሰው ያ ክሊኒክ አይቶ አያውቅም።

«የእርስዎን ለየብቻ የጀመርኩት ልክዎን እስካውቅ ነበር» አለች። «አንዴ በአንድ ክኒን ከሆነ፣ አንዱን ብቻ ልጨምር ልቀንስ ማለት አይመችም። ግን ነጯን የጠሏት ለቁጥሯ ብቻ ነው?»

ጋሽ ዝግታ ጆሮው ቀላ። ስለ ሽንቱ ነገራት።

«ወይኔ ጋሼ! ይሄን እኮ ነበር መጀመሪያ የሚነግሩኝ!» ብላ በሌላ ቀየረችለት፤ ሽንት የማያስቸኩል፣ ሁለቱ በአንድ የሆነ። «የእትዬ ዓይነት ነው፤ መጠኑ ግን የየራሳችሁ ነው፣ እንዳትዋዋሱ። በደንብ ይውሰዱና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይምጡ። እስከዚያ መሪ አይንኩ። አውቶብሱም ታርጋው እስኪወጣለት መቆሙ አይቀርም።»

ጋሽ ዝግታ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው። በየመብራት ምሰሶው ስር ቆም እያለ ንግግሩን ይለማመዳል። «እሜቴ፣ ግማሽ በሽተኛ ነኝ ብለሽ ነበር?» አይ፣ ይሄ ለስላሳ ነው። «ሙሉዋ ወይዘሮ፣ እንዴት ዋልሽ!» ይሄ ይሻላል።

ሱቁ ውስጥ ሲገባ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። እትዬ መርፌም ዝም ብላለች። እሷ ዝም ካለች አገር ፈርሷል ማለት ነው። ፊት ለፊቷ ለሱ የሰፋችው አዲስ ነጭ ሸሚዝ ተዘርግቷል፣ ለአዲሱ አውቶብስ የሚለብሰው። የላይኛው ቁልፍ ብቻ ቀርቶታል። ከሸሚዙ ጎን ነጫጭ ክኒኖች ተሰልፈው ተቀምጠዋል።

«መርፌ ላስገባ ብል ቀዳዳ የለውም» አለች ቀና ሳትል። «ሌላ አነሳሁ፣ እሱም የለውም። ሦስተኛው ሲሆን አወቅኩ።»

ጋሽ ዝግታ የተለማመደውን ንግግር ተወው።

«በኔ ምላስ ነው?» አለች እትዬ መርፌ። አሁን ቀና ብላለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ሁለት ነህ፣ ሙሉ ነህ እያልኩ... እኔ እኮ ለጨዋታ ነው። አንተ አንድ ነገር ብትሆን እኔ ከማን ጋር ነው የምጨቃጨቀው? እስቲ ንገረኝ፣ ከማን ጋር!»

አንጀቱን በላችው። ይህን ያህል ዘመን አብሯት ኖሮ ስትጮህ እንጂ ስታለቅስ ያያት ጥቂት ጊዜ ነው። አጠገቧ ካለው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ እጇን ያዘ፤ ሁሉንም ነገራት፣ ሬዲዮን፣ ምርመራውን መውደቁን፣ አውቶብሱ እንደሚጠብቀው፣ ሽንቱንም ሳይቀር። ስለ ሽንቱ ሲነግራት ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት። አፍንጫዋን በጨርቅ ቁራጭ ጠረገችና፣ «ሞኝ!» አለችው። ድምፅዋ መመለሱን ሲሰማ እሱም ልቡ ተመለሰ።

«አንድ ነገር ደግሞ ቀርቷል» አለና ካርቶኑን ከኪሱ አወጣ። «አንብቢ።»

አነበበች። መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አነበበች። የመደመር ምልክቱን በጥፍሯ ፈቅፈቅ አደረገችው፣ ቆሻሻ ከሆነ ይልቀቅ እንደሆነ ብላ። አልለቀቀም።

«ሁለት ነሽ» አለ ጋሽ ዝግታ በዝግታ። «ሙሉ ነሽ። ምንም አልጎደለሽም።»

መነጽሯን አውልቃ አጠፈችው። ከዚያ እትዬ መርፌ ምን ብትል ጥሩ ነው? ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣ ወገቧን ይዛ፣ «ድሮስ!» አለች። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል አልሰማህም? ኮት እንኳ ገበሩ አብሮ ካልተሰፋ ኮት አይባልም! ስነግርህ ኖሬ የለም እንዴ!»

«መቼ ነገርሽኝ?!» ጋሽ ዝግታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ።

«አትጩህ፣ ግፊትህ ይነሳል» አለች። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ሱሪ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ግራ ገባው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አብረው ብርጭቆ ያነሳሉ። እሷ «በል ለሁለታችን» ትላለች፣ እሱ «ለአራቱ» ይላል፤ ኳ ያደርጉና ይውጣሉ። ነጫጮቹን ለክሊኒኩ መለሰቻቸው። ጨውም ቀነሰች፤ ይሄ እንኳ ያለ ጭቅጭቅ አልሆነም።

የቀጠሮው ቀን ዶክተሯ መለኪያውን ነፋች፣ አየች፣ በሌላው ክንዱ ደገመች። ከዚያ በተንኮል፣ «ስንት ነው የሚወስዱት ጋሼ?» አለችው።

አሁን እኮ «አንድ» ብሎ መገላገል ይችላል። ጋሽ ዝግታ ግን ጆሮው እንደማይምረው ያውቃል። «በቁጥር አንድ፣ በእውነት ሁለት» አለ።

«ግፊትዎ ደግሞ ወርዷል» አለች፤ «መሪዎን ይጨብጡ።»

አዲሱ አውቶብስ ዳገቱን ሳያስል ወጣ። ጋሽ ዝግታ አዲሱን ሸሚዙን ለብሷል፣ የላይኛው ቁልፍ አራት ቀዳዳ ያለው እውነተኛ ቁልፍ ነው። ሱቁ በር ላይ ሲደርስ በዝግታ አቆመ። በሩ እፎይ ብሎ ተከፈተ። እትዬ መርፌ መቀሷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች፤ ያንን ሁሉ ብርጭቆና ብረት ሽቅብ አየችው፣ ከዚያ ባሏን አየችው። 

«ግቢ» አላት። «በዝግታ።»

ቁልቁለቱን አየችው፤ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሱቋን ክፍት ትታ፣ ደንበኛ ቁጭ አድርጋ ገባች። ከጀርባው ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ብረቱን በሁለት እጇ ጨበጠች። አውቶብሱ ወደ ቁልቁለቱ አፍንጫውን ሲያዘነብል ዓይኗን ጨፍና፣ መላው ተሳፋሪ እየሰማ፣ «ማርሽ ቀንስ! በፍሬን ብቻ እንዳትወርድ!» ብላ ጮኸች።

«ሁለቱንም ነው እሜቴ፣ ሁለቱንም!» አለ ጋሽ ዝግታ። ተሳፋሪው ሳቀ፣ ምን እንዳሳቀው ግን አላወቀም።

አውቶብሱ እንደ ጨዋ ሰው እየተራመደ ወረደ። መሀል ላይ ሲደርስ እትዬ መርፌ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ታች ሲደርስ ሁለቱንም። ተሳፋሪ ወረደ፣ ተሳፋሪ ወጣ፣ አውቶብሱ ዞሮ ዳገቱን ሲመለስ እሷ እዚያው ናት፤ ከጎኗ ላለችው ሴትዮ የአውቶብሱ መጋረጃ በደንብ እንዳልተሰፋ ታስረዳለች። ሱቋ ፊት ሲደርሱ ጋሽ ዝግታ አቆመና በመስተዋቱ አያት።

«ወራጅ አለ?»

እትዬ መርፌ በመስኮት ሱቋን አየች። ደንበኛው በሩ ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዝላታል።

«የለም!» አለች ተደላድላ እየተቀመጠች። «ንዳው!»